ገብሴ ቤታችንን እስክትለምድ

ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የከተማው ቤትና የገበሬው ማሳ በሚገናኙበት ሰፈር ቤት ሠርተን ከገባን ጥቂት ዓመታት ሆነን። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ከጉድጓዱ ያስወጣው አይጥ ሁሉ ወደ ሰው ቤት ይሸሻል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የጤፍ ጆንያችን ተቀዶ፣ የልጄም የትምህርት ቤት ቦርሳ ተበልቶ ስናገኘው ድመት ለማምጣት ተስማማን። የአይጥ መርዝ ማስቀመጥ ሳይቀለን አይቀርም ነበር፤ ነገር ግን መርዝ የበላች አይጥ የሚበላትንም እንስሳ ልትገድል ስለምትችል፣ ቤት ውስጥም የሰባት ዓመት ልጅ ስላለች፣ ያንን ሐሳብ ወዲያው ተውነው።

ከእኛ ሦስት ቤት አልፈው የሚኖሩ አንዲት እናት ድመታቸው ግንቦት መጀመሪያ ላይ አራት ወልዳላቸው ነበር። ልወስድ የሄድኩ ዕለት ግልገሎቹ ገና አምስት ሳምንታቸው ስለነበር፣ «የኔ ልጅ፣ ትንሽ ታገሺ፤ ከእናቷ ጡት ገና አልጠገበችም» ብለው ባዶ እጄን መለሱኝ። በጊዜው ቅር ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አመሰግናቸዋለሁ። ግልገል ድመት ጥርሷንና ጥፍሯን መቆጣጠር የምትማረው ከእናቷና ከእኅት ወንድሞቿ ጋር እየታገለች ስለሆነ፣ ቢያንስ 8 ሳምንት ሳይሞላት መለየት የለባትም። እኔም ሐምሌ ሲገባ ተመልሼ ሄጄ ግራጫና ነጭ የተቀላቀለባትን አንዷን በካርቶን ይዤ መጣሁ። ልጄ እንደ ገብስማ ዶሮ ናት ብላ ገብሴ አለቻት።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት በዚያው ቀን ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር፣ ቡና ተፈልቷል፣ የጎረቤት ልጆችም ሳሎኑን ሞልተውታል። ካርቶኑን መካከል ላይ ከፈትኩትና ገብሴ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆየች፤ በመጨረሻ አምልጣ ከቡፌው ጀርባ ገባች። እኔም እጄን ሰድጄ ልጎትታት ስሞክር ፀጉሯን አቁማ ፉ አለችብኝ። እስከ ማግስቱ ምሽት አልወጣችም፣ አልበላችምም። በዚያ ዕድሜ ያለች ግልገል አንድ ሙሉ ቀን ሳትበላ ከዋለች አቅሟ በፍጥነት ስለሚደክም፣ ያን ሌሊት ከባድ ጭንቀት ውስጥ ነበርኩ። እንዲህ ያለች ትንሽ እንስሳ እናቷን፣ የምታውቀውን ሽታና ድምፅ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስታጣ፣ እኛ በፍቅር ያደረግነው ሁሉ ለእሷ መሳደድ ነበር።

በማግስቱ ዕቃ ቤቱን ባዶ አደረግንላት። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የማትሞላ ክፍል ናት፤ ሆኖም ለግልገል ድመት ጠባብ ቦታ ማለት በአንድ ዕይታ የምታውቀው፣ ሽታዋን በቶሎ የምታኖርበት ቦታ ማለት ነው። በአንዱ ጥግ ካርቶኑን በጎኑ አጋድመን መደበቂያ አደረግንላት፣ በሌላው ጥግ ውሃና ምግብ፣ ከምግቡ ራቅ አድርገን ደግሞ መጸዳጃዋን አስቀመጥን። የቡራዩ የክረምት ሌሊት ብርዱ ስለሚከብድ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ከጎኗ አኖርኩላት። እንደገና ወደ እኒያ እናት ቤት ሄጄ የድመታቸው መኝታ የነበረውን ቁራጭ ጨርቅ ለመንኳቸው፤ ያን ጨርቅ ካርቶኑ ውስጥ ባነጠፍኩበት ሌሊት ማልቀሷ ቀነሰ። መጀመሪያውኑ ከእሷ ጋር ይዤው መምጣት ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ መቀመጥ ሆነ። ማንም እንዳያነሣት ከለከልኩ። ልጄ በየማታው መሬት ላይ ቁጭ ብላ የአማርኛ መጽሐፏን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነብላት ነበር፣ ዐይኗን ግን አፍጥጣ እንዳታያት ነግሬያታለሁ፤ ትክ ብሎ መመልከት ለድመት የጠብ ምልክት ነው። በአምስተኛው ማታ ንባቡ ገና አንድ ገጽ ሳይሞላ ገብሴ ከካርቶኑ አንገቷን አወጣች፣ አንድ እግሯን አንሥታ ጥቂት ቆመች፣ ቀስ ብላም መጥታ የልጄን ካልሲ አሸተተችና ጉንጯን አሸችበት። ልጄ ትንፋሿን ዋጠች፤ ማንበቡን ግን አላቋረጠችም። ገብሴ ጭኗ ላይ ስትወጣ ከደረቷ የወፍጮ ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሳሎኑን የከፈትንላት ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የቀረውን ቤት ደግሞ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ አንድ ክፍል እየጨመርን አስለመድናት።

በምግብ በኩልም ተሳስቻለሁ። ድመትና ወተት አይለያዩም ብዬ ስለማምን በሁለተኛው ቀን የላም ወተት ሰጠኋት፣ በማግስቱም ተቅማጥ ያዛት። ጡት እየተወች ያለች ድመት ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የመፍጨት ችሎታዋ እየቀነሰ ስለሚሄድ ወተቱ አንጀቷን ያስቸግራታል፤ ለትንሽ ገላ ደግሞ ተቅማጥ አደገኛ ነው። በሰፈሩ ሱቅ ሚዛን ላይ በየሳምንቱ እመዝናት ስለነበር ክብደቷ ቀንሶ ስላየሁ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሙ የሆድ ትል መድኃኒት ሰጧት፤ በዚህ ዕድሜ በሳምንት ወደ 100 ግራም መጨመር እንዳለባት፣ ምግቧንም በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እንድሰጣት ነገሩኝ። ከወጥ የተረፈ እንጀራ ፈጽሞ አትስጡ ያሉኝም እርሳቸው ናቸው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፣ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው።

አብራን የምትኖረው እናቴ በዚህ ሁሉ ደስተኛ አልነበረችም። «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ትለኝ ነበር፤ የአደን ጠባይ ግን ከረኀብ የተለየ ነገር ነው፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም የምንለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ የበረታው ፍልሰታ ሲገባ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሰፈራችን ያሉት ልኳንዳ ቤቶች ተዘጉ፣ እናቴም በጾም ድስቷ ሥጋ እንዳይቀቀል አለች፤ ይህን የማለት መብት አላት። ድመት ግን መጾም አትችልም፤ ልቧንና ዐይኗን የሚጠብቅላትን ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋ ነው። ለእሷ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት ገዛሁ፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት የከብት ልብ እያመጣሁ በውጭ ከሰል ላይ እቀቅልላትና ከነመረቁ እሰጣት ነበር። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚጎድለው፣ ከመሀል ከተማ ሱፐርማርኬት ለግልገል የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ገዝቼ ቀላቀልኩበት። ውድ ነው፤ ነገር ግን አጥንት በምታበጅበት ዕድሜ መቆጠብ አልወደድኩም።

መጸዳጃው ያን ያህል አላስቸገረንም። ቢጫ ጀሪካን በጎኑ ቆርጬ፣ ለእግሯ እንዲመች ጠርዙን ዝቅ አድርጌ፣ ከእንጨት ቤት የመጣ ሰጋቱራ ሞላሁት፤ ብናኙ ስላስነጠሳት ግን በወንፊት መንፋት ነበረብኝ። በየቀኑ አጸዳዋለሁ፤ በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ከአንድ ቀን በላይ ካልቆየ ወደ ሰው የመተላለፍ ኃይል አያገኝም፤ ሆኖም ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ይህ ሥራ ለሌላ ሰው መተው አለበት።

አንድ ነገር ሳይደርስብን ያለፈው በዕድል ነው። ቁንጫ ሲያስቸግራት አንድ ሱቅ ለውሻ የሚሆን ዱቄት ሸጦልኝ ነበር፤ ከመነስነሴ በፊት ሐኪሙን በስልክ ብጠይቃቸው ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ ያለበት መሆኑን በማሸጊያው ላይ አስነበቡኝና ድመትን እንደሚገድል ነገሩኝ። ለሰው የምንወስደው ፓራሲታሞልም እንዲሁ ነው። ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከተብኳት። በእኛ ሰፈር ባለቤት የሌላቸው ውሾች በየአጥሩ ያድራሉ፣ ሌሊት ጅብም ይመጣል፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ከመሸ በኋላ ከቤት አናስወጣትም።

በጥቅምት አንድ ረቡዕ ማለዳ ገብሴ ቁርሷን ጨርሳ ከጤፉ ጆንያ ጀርባ ገባችና አንዲት ወፍራም አይጥ በአፏ ይዛ ወጣች፤ አምጥታም እናቴ እግር ሥር አኖረቻት። እናቴ ጥቂት ዝም ብላ ተመለከተቻትና፣ «በይ ያን ድስቷን አምጪልኝ፤ የዛሬውን እኔ ልቀቅልላት» አለችኝ።