ኩራሳው ወደብ ዳር ላይ ያንን እራት እንዴት እንዳሳካነው

ሰርጋችን እንደ ብዙ ሀበሻ ጥር ላይ ነበር፣ 10 ዓመት ሲሞላን ባሌን አንዴ እንኳን ደህና ቦታ ወስጄ እራት ልጋብዘው ብዬ አመት ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሳስቀምጥ ከረምኩ። የምንኖረው ሮተርዳም ነው፣ ጥር ደግሞ እዚህ ብርዱ አጥንት ነው የሚገባው፣ ስለዚ ኩራሳው የምትባለውን የካሪቢያን ደሴት መረጥኩ፣ የሆላንድ ንጉሳዊ ግዛት አካል ስለሆነች በሆላንድ ፓስፖርታችን ብቻ ነው የገባነው፣ ከአምስተርዳም ቀጥታ በረራ አለ፣ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። እቤት ቁጭ ብዬ ፎቶ አይቼ ፑንዳ በሚባለው ሰፈር፣ ሃንደልስካደ የሚሉት የወደቡ ዳር መንገድ አካባቢ፣ በደረስንበት ቀን ለማታ 2 ሰዓት ጠረጴዛ ያዝኩ። ሃንደልስካደ ማለት እነዛ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ የድሮ የሆላንድ ቤቶች የተደረደሩበት ነው፣ የኩራሳው ፎቶ ሲባል ሁሌ የምታዩት እሱ ነው፣ ከተማዋ ቪለምስታድ በፈረንጆቹ 1997 ላይ ዩኔስኮ የመዘገባት በዚህ በመሀል ከተማዋና በወደቧ ነው። እኔ ያላሰብኩት ቤቶቹ ስር ከተቀመጥክ ቤቶቹን አታያቸውም። ሌላው ደግሞ ሰዓቱ፣ ጥር ላይ ኩራሳው ከሆላንድ 5 ሰዓት ወደኋላ ነች፣ ማታ 2 ሰዓት ማለት ለሰውነታችን ሌሊት 7 ሰዓት ማለት ነው። ባሌ አይኑን መግለጥ አቅቶት ሳየው እራቱ ይቅር አልኩት፣ ደውዬ ሰረዝኩ፣ ዋናውን ቀን በእንቅልፍ ላጠፋው አልፈለግኩም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ እዛው ፑንዳ ውጪ ቁጭ ብለን ጁስ ጠጣን፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት አይናችን ውስጥ ገባች፣ ማዶ ያለው ሁሉ ጥላ ነው። ሂሳብ ከፍለን በንግሥት ኤማ ድልድይ ከወደቡ ማዶ ወዳለው ሰፈር፣ ወደ ኦትሮባንዳ ተሻገርን። ይሄ ድልድይ በፈረንጆቹ ከ1888 ጀምሮ ያለ ነው፣ 167 ሜትር ይረዝማል፣ ከስሩ የተደረደሩ ጀልባዎች ናቸው ተሸክመውት የሚንሳፈፉት፣ ስትራመድ ትንሽ ይወዛወዛል። ድሮ ቀረጥ ነበረው፣ ጫማ ያደረገ ይከፍላል፣ ባዶ እግሩን የመጣ በነፃ ያልፋል። ኦትሮባንዳ ደርሰን ዞር ስንል ፀሐይዋ ከኋላችን ሆና የሃንደልስካደ ቤቶች በሙሉ ወርቅ መስለዋል፣ ውሃው ላይም ቀለማቸው ተገልብጦ ይታያል። ባሌ ዝም ብሎ እጄን ያዘኝ። እዛው ቆሜ ነው በኦትሮባንዳ በኩል ውሃው ዳር ያለ ሬስቶራንት በስልኬ ፈልጌ የደወልኩት። ኩራሳው የምትሄዱ ሰዎች ምንም ባትሰሙኝ ይቺን ስሙኝ፣ እራታችሁን ኦትሮባንዳ በኩል፣ ፀሐይ ከመግባቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ። ጥር መጨረሻ ላይ በኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የምትገባው፣ እኛ ለ12 ሰዓት ያዝን። ደሴቷ ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ከጎንደር ጋር ስለሚቀራረብ ልክ እንደ ሀገራችን ቶሎ ነው የሚጨልመው፣ እንደ አውሮፓ ምሽቱ እየተጎተተ አይቆይም፣ ሩብ ሰዓት ካረፈዳችሁ አለቀ።

ቀኑን ዓርብ ሊሰጡን ነበር፣ ፆም ስለሆነ ቅዳሜ አድርጉልን አልኩ። ከዛ ምግቡ። ሼፉ የሚያቀርበው ባለ አራት ዙር ሜኑ ነበር፣ አስቀድሜ ሜኑውን አስልኬ ሳየው አንዱ ሽሪምፕ፣ አንዱ ካርኮ የሚሉት ትልቅ የባህር ቀንድ አውጣ፣ ሾርባው ደግሞ የአሳማ ሥጋ አለበት። እኛ እነዚህን አንበላም። እንደዚህ አይነት ቦታ "ይሄን ቀይሩልኝ" ማለት ነውር ይመስለኝ ነበር፣ ግን በሃይማኖታችን የማንበላውን ዘርዝሬ በኢሜል ፃፍኩላቸው፣ በዛው ቀን መለሱልኝ፣ እንደውም ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን አሉ። ሄዶ ጠረጴዛ ላይ ከመጨናነቅ ሁለት ቀን ቀድሞ መንገር በጣም ይሻላል፣ ለነሱም ለመዘጋጀት ጊዜ ይሰጣል።

የመጣልን ኬሺ ዬና ነበር፣ የተሞላ አይብ ማለት ነው፣ አይቡ ውስጥ ዶሮ በዘቢብና በወይራ ፍሬ ተሠርቶ ይገባል። አስተናጋጇ እንደነገረችን ባሪያዎቹ ከጌቶች ማዕድ የተረፈውን የኤዳም አይብ ቅርፊት እየሞሉ የጀመሩት ምግብ ነው፣ ያንን እየሰማሁ ዝም ብዬ መጉረስ ከበደኝ፣ ትንሽ ቆይቼ ነው የበላሁት። ቀጥሎ ቀይ ስናፐር ዓሣ ከፉንቺ ጋር መጣ። ፉንቺ የበቆሎ ገንፎ ነው በቃ፣ አራት ማዕዘን ተቆርጦ ተጠብሶ ቢቀርብም አፌ ሲገባ የእናቴ ቤት ገንፎ ነው ትዝ ያለኝ፣ ባሌም አንዴ ቀምሶ "አራስ ቤት ያለሁ መሰለኝ" አለ።

ዓሣው መሀል ላይ ደወል ተደወለ፣ ድልድዩ ሰው ከላዩ ላይ እንዳለ እንደ በር ዞሮ መከፈት ጀመረ፣ ከዛ አንድ ትልቅ የጭነት መርከብ በፊታችን አለፈ፣ በጣም ከመቅረቡ የተነሳ ማዶ ያሉት ቤቶች በሙሉ ተጋርደው የመርከቡ ብረት ብቻ ነበር የሚታየን፣ ሬስቶራንቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ ዝም አለ። መርከቡ አልፎ ሲገለጥ ማዶ መብራት በርቶ ነበር።

ነፋሱን አትናቁት፣ ከምሥራቅ ሳያቋርጥ ይነፍሳል፣ ውሃ ዳር ስትቀመጡ ማታ ላይ ትከሻ ይበርዳል፣ እኔ ነጠላዬን ይዤ ስለነበር ተመቸኝ። ሂሳቡ ለሁለታችን በደሴቷ ገንዘብ 310 ጊልደር መጣ፣ አንድ ዶላር 1.79 ጊልደር ስለሆነ 173 ዶላር ገደማ ማለት ነው፣ ሰርቪሱ እላዩ ላይ ተደምሮ ነበር፣ ስለዚ ቲፕ ከመጨመራችሁ በፊት ደረሰኙን እዩት። እኛ ግን አስተናጋጇ እስከ መጨረሻው እንደ ቤተ ዘመድ ስላስተናገደችን ጨመርንላት፣ "ዳንኪ" አልናት፣ በነሱ ቋንቋ በፓፒያሜንቱ አመሰግናለሁ ነው።

ስንወጣ ድልድዩ እንደገና ተከፍቶ ስለነበር በነፃ በሚያሻግረው ጀልባ ነው ወደ ፑንዳ የተመለስነው፣ ባሌ ጀልባው ላይ ፊቱን ወደ ኦትሮባንዳ አዙሮ የተቀመጥንባትን ጠረጴዛ እስክትጠፋው ድረስ ሲያይ ነበር።