ጋልቬስተን ወደብ ላይ፣ አንድ ጠዋት

ከሂዩስተን የቴክሳሷ ወደብ ጋልቬስተን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፒር 19 ከሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ደረስኩ። ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱት ጀልባዎች መረባቸውን እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ ሰቅለው ቆመዋል። እናቴ ቤት ሽሪምፕ አይገባም፤ መብላት የለመድኩት እዚህ አገር ነው። ያን ቀን ያመጣኝ ግን በሽሪምፕ መረብ የሚያዙት የባሕር ኤሊዎች ነገር ነው።

መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ትውልዳቸው ቬትናም ነው። ስለ ኤሊ ስጠይቃቸው ፊታቸው ትንሽ ጠቆር አለ። ከዚያ "ና፣ ቴዱን ላሳይህ" አሉኝ።

ቴድ ሞላላ የብረት ፍርግርግ ነው፤ መረቡ ውስጥ አጋድሎ ይታሰራል። በዘንጎቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለ። እጄን ብሰድ እስከ ክርኔ ገባ። ሽሪምፑ በዚያ ሾልኮ ወደ መረቡ ጫፍ ይሄዳል። ኤሊዋ ብረቱ ሲያግዳት ተንሸራትታ በተተወላት በር ትወጣለች። ካልወጣች አየር አጥታ ትሞታለች፤ መረቡ ውኃ ውስጥ የሚጎተተው ለሰዓታት ነው።

በዚህ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የምትኖረው ኬምፕስ ሪድሊ የተባለች የኤሊ ዝርያ ልትጠፋ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ሜክሲኮ ውስጥ ራንቾ ኑዌቮ በተባለ የባሕር ዳርቻ ላይ በአንድ ቀን ወደ 40,000 የሚገመቱ እናቶች እንቁላል ሊጥሉ ሲወጡ በፊልም ተቀርጿል። በ1985 የተቆጠረው ጎጆ 702 ብቻ ነው። እንቁላሉን ሰው ለቀመው፣ ትልልቆቹን መረብ ፈጃቸው።

አጥማጆች መረባቸው ላይ ቴድ እንዲያስሩ የሚያስገድደው ሕግ በ1987 ወጣ። በ1989 አጥማጆቹ ሕጉን ተቃውመው በጀልባ የወደብ መግቢያዎችን ዘጉ።

"ኤሊ ጠልተን አይደለም" አሉኝ ሽማግሌው። "ሣር ፍርግርጉን ሲደፍነው ሽሪምፑም በኤሊዋ በር ይወጣል። እሱ የልጆቼ እራት ነው።"

ለቴድ መነሻ የሆነውን ፍርግርግ የሠራውም አጥማጅ ነው፤ የጆርጂያው ሲንኪ ቡን፣ መረቡን የሚሞላበትን ጄሊፊሽ ለማስወጣት ብሎ። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። ሕጉ ሲረቀቅ እንዲህ ያሉ እጆች ቀድመው ቢጠየቁ ኖሮ ያ ሁሉ ቁጣ በቀነሰ ነበር እላለሁ።

"አሁንስ ትልቁ ችግርዎ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ዋጋው ነዋ!"

አሜሪካ ውስጥ ከሚበላው ሽሪምፕ ከ90 በመቶ በላይ ከውጭ የሚገባ ነው፤ አብዛኛው በኩሬ የረባ። እሳቸው ኤሊዋን አሳልፈው ያጠመዱት ከዚያ እኩል ሲሸጥ ልክ አይደለም። ኤሊዋን ማትረፍ የሁላችንም ፍላጎት ከሆነ ወጪውም በእሳቸው ጫንቃ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ከጀልባዎቹ ብዙም የማይርቅ ምግብ ቤት ገባሁ። ሽሪምፑ ከየት እንደመጣ አስተናጋጇን ጠየቅኳት። ወጥ ቤት ገብታ ጠይቃ መጣች። እዚያም የሚያውቅ አልነበረም።