ጎርባጣና አቧራማ ትራክ ላይ የሪሞት ባጊዬን ሾክ እንዴት እንዳስተካከልኩ

ዴንቨር አቅራቢያ የምነዳበት ትራክ ደረቅ አፈር ነው። ላዩ እንደ በሶ የላመ አቧራ፣ ሥሩ ደግሞ መኪኖች የቆፈሩት ጉድጓድና ጉብታ። መኪናዬ በሪሞት የሚነዳ፣ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህል፣ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚገፋ ባጊ (ለአፈር ሜዳ የተሠራ ክፍት መኪና) ነው። ምንጣፍ በለበሰ የቤት ውስጥ ትራክ ላይ ጸጥ ብሎ የሚሄደው መኪና እዚህ ሲመጣ ጀርባው ይነጥራል፤ ከመታጠፊያ ሲወጣ ኃይል ከሰጠሁት ደግሞ ይሽከረከራል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመክረው ሞላውን ማለስለስ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ረዘም ያለ ጥርስ ያለው ለስላሳ ጎማ ገጠምኩ፤ ጎማው አፈሩን ካልያዘ ሾክ (የጎማውን ምት የሚያበርደውን ዘይት የተሞላ ቱቦ) መፈታታት ድካም ብቻ ነው። ቀጥሎ ስልኬን ከትራኩ ዳር መሬት ላይ አስቀምጬ መኪናው ጉብታዎቹን ሲያልፍ ቀረጽኩትና በዝግታ ተመለከትኩት። የኋላ ጎማው ጉብታውን ሲመታ ሾኩ ይደርቃል፣ መኪናው ወደ ላይ ይወረወራል፣ ጎማው እንደገና መሬት እስኪያገኝ አየር ላይ ይቆያል። አየር ላይ ያለ ጎማ አይገፋም፣ ፍሬንም አይዝም። ከዚያ በኋላ የቀየርኩትን ሁሉ የመዘንኩት በዚሁ ቪዲዮ ነው፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ፒስተኑ፣ ማለትም ሾኩ ውስጥ ዘይቱን እየሰነጠቀ የሚንቀሳቀሰው ባለ ቀዳዳ ክብ ነገር ነው። መኪናው መታጠፊያ ላይ ቀስ ብሎ ሲያጋድል ሾኩን የሚገዛው በዋናነት የዘይቱ ውፍረት ነው። ጉብታ በድንገት ሲመታው ግን ዘይቱ በፒስተኑ ቀዳዳዎች ለማለፍ ጊዜ ያጣል፤ እዚህ ላይ ወሳኙ የቀዳዳው ስፋት ይሆናል። ስለዚህ ከኋላ ባለ ሁለት ቀዳዳውን 1.6 ሚሊ ሜትር ፒስተን በ1.7 ተካሁ፣ ዘይቱን ደግሞ ከ350 ወደ 400 ሲኤስቲ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) አወፈርኩት። ለጎርባጣ ሜዳ ዘይት ማወፈር ግር ይላል። ውጤቱ ግን መታጠፊያ ላይ ያለው አያያዝ ብዙም ሳይለወጥ ጉብታው ላይ ሾኩ መላላቱ ነው። ዘይቱን ብቻ አቅጥኜ ስሞክረው መኪናው ሲታጠፍ ይዋልል ነበር። ፒስተኑ ራሱ ርካሽ ነው፤ አሰልቺው ሾኩን ፈትቶ፣ አየር ሳይቀር ዘይት ሞልቶ፣ የግራና የቀኙን ርዝመት እኩል ማድረጉ ነው።

ሞላውን አንድ ደረጃ ብቻ አለሰለስኩ። የሻንሲውን (የመኪናውን ወለል) ከመሬት ከፍታ፣ ባትሪው ተገጥሞ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲለካ፣ ከ22 ወደ 25 ሚሊ ሜትር አነሳሁት። ከኋላ ሾኮች ውስጥ ዘንጉ ላይ የነበሩትን ትናንሽ ሮንዴላዎች ስቀንስ ጎማው ወደ ጉድጓዱ የበለጠ መውረድ ቻለ። የፊቱን አልነካሁትም፤ ፊት ላይ ጎማው ወደ ታች የሚወርደው ሲበዛ ኃይል በሰጠሁ ቁጥር አፍንጫው ይነሳና መሪው ይጠፋል። የኋላውን ማረጋጊያ ዘንግ ጨርሶ አወጣሁት፤ ግራና ቀኝ ጎማን ስለሚያያይዝ አንዱ ሲመታ ሌላውም ይረበሻል። ባትሪውን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋሁ፣ የሞተሩንም መነሻ ግፊት ከመቆጣጠሪያው ቀነስኩ።

ያልጠበቅሁት ነገር የአየሩ ጠባይ ነበር። እዚህ ጠዋቱ ቀዝቅዞ ከሰዓት ይሞቃል፤ የሲሊኮን ዘይትም ሲበርደው ይወፍራል። ያው መኪና ጠዋት እንደገና መንጠር ይጀምራል። አሁን በ350 የተሞላ ሁለተኛ ጥንድ የኋላ ሾክ ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ለመቀየር ጥቂት ቡሎን መፍታት ይበቃል።

ይህ አሠራር ዋጋም አለው። ከትልቁ ዝላይ ሲያርፍ ሻንሲው መሬቱን በኃይል ይመታል፤ በ1.6ቱ ፒስተን እንዲህ አይሆንም ነበር። ትራኩ ላይ ያለው ትልቅ ዝላይ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ፍጥነት ቀንሼ ጉብታዎቹ ላይ መልቀቅን መርጫለሁ።