ሊቤት ነፃ ፈቃድን ቀብሮታል እንዴ?

«አንጎልህ ካንተ ቀድሞ ይወስናል፤ ነፃ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም» የሚለው ክርክር ዛሬም ሲሟሟቅ ዋለ። የሚጠቀሰው ማስረጃ ያው የአሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ የቤንጃሚን ሊቤት የ1983 (እ.ኤ.አ.) ሙከራ ነው። እስቲ አሠራሩን እንየው።

ተሳታፊው ደስ ባለው ቅጽበት እጁን ያንቀሳቅሳል። ፊት ለፊቱ በ2.56 ሰከንድ አንድ ዙር የምትሽከረከር የብርሃን ነጥብ አለች፤ ፍላጎቱ ሲሰማው ነጥቧ የት እንደነበረች ይናገራል። ኤሌክትሮዶች የአንጎሉንና የጡንቻውን ምልክት ይመዘግባሉ። የአንጎል ዝግጅት ከእንቅስቃሴው 550 ሚሊሰከንድ ገደማ ቀድሞ ተገኘ፤ ፍላጎቱ የተሰማው ግን 200 ገደማ ሲቀረው።

ጣጣው አማካዩ ላይ ነው። የአንድ ሙከራ ምልክት በሌላ የአንጎል እንቅስቃሴ ጫጫታ ስለሚዋጥ 40 ያህሉ ተደርበው አማካያቸው ይወሰዳል፤ የሚደረቡትም እጅ ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የአንጎል ተመራማሪው አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ እንዲሁ ከፍ ዝቅ የሚል ምልክት እንቅስቃሴ የሚጀምርበትን ገደብ የነካበትን ብቻ መርጠህ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥረህ አማካዩን ብትወስድ ያው ቀስ እያለ የሚወጣ መስመር ይመጣል። ስለዚህ ያ ዝግጅት «ውሳኔ» ላይሆን ይችላል።

ይህ «ሁሉ ነገር በቀደመ ምክንያት የተወሰነ ነው» የሚለውን አያፈርስም፤ እሱ ሌላ ሙግት ነው። ደግሞ ሊቤት ራሱ ነፃ ፈቃድን አልካደም እኮ! በመጨረሻዋ ቅጽበት «ተው» ብሎ ማስቆም ይቻላል ባይ ነበር።