የጎን አልጋ ሰዎች

ባለፈው ክረምት ወንድሜ ለኦፕራሲዮን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ተመስገን፣ አሁን ደህና ነው። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ጎን አልጋ ሰዎች ነው።

ያስታመመ ያውቀዋል። የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ እዚያ የጠፋ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የሚያስሰው አስታማሚው ነው። ብቻውን ያለ ሰው አንዱን ሲይዝ አንዱ ያመልጠዋል።

እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ከጎናችን በሪፈር ከመንዝ የመጡ እናት ባላቸውን ያስታምማሉ። አዲስ አበባን አያውቋትም፣ ዘመድም የላቸውም። ሌሊት ወንበር ላይ ሳንጎላጅ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ጋደም በይ። ጉሉኮሱን እኔ አየዋለሁ።»

ጋቢያቸውን መሬት ላይ አነጠፉልኝ። ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ አላሉኝም። «ወንድምሽ ነው?» ብቻ። ስነቃ ነግቷል። ጉሉኮሱ ተቀይሯል፣ እማማ እንደተቀመጡ ናቸው። ያን ሌሊት መቼም አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ የሳቸውን ላቦራቶሪ፣ ካርድ ክፍልና ፋርማሲ እኔ ያዝኩ። እንዲህ እናድርግ ብለን የተነጋገርነው ነገር የለም። እኔ ከተማውን፣ እሳቸው ሌሊቱን ያዙ፤ በቃ።

ጠያቂውም እንደዚያው ነው። ለአንድ ሰው ብሎ የመጣ ሁሉንም አልጋ ዞሮ «እግዜር ይማርዎት» ሳይል አይወጣም። ፌስታሉን ይፈታና ብርቱካን ያድላል። ምሳ ዕቃ ሲከፈት የማያውቁት ሰው ሁሉ «ኑ ብሉ፣ አፈር ስሆን» ይባላል። ይኼን ስናየው ስለኖርን እንደ ቀላል እንቆጥረዋለን። እኔ ግን ቀላል ነው ብዬ አላምንም። ራሱ ተጨንቆ የመጣ ሰው ነው የሌላውን ጭንቀት የሚያየው።

አንድ ቀን ለወንድሜ ደም ያስፈልጋል ተባልኩ። ስልክ ስደውል፣ የምጠራው ሰው ሲጠፋኝ፣ መስኮት ጋ ያለውን በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ልጅ ሰማኝ።

«እኔ ከሰጠሁ 3 ወር አልፎኛል፣ እንሂድ» አለኝ።

ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ ደም መስጠት እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅኩት። ዕድሜው 18 የሞላና ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ መሆን አለበት። ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ፣ ግፊቱ ተለካ፣ መርፌው ሲገባ ስለ ወንድሜ ሕመም ይጠይቀኛል። እኔን እያረጋጋ መሆኑ ነው። የተቀዳው ደም መጀመሪያ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ከዚያ ከሌላው ደም ጋር ደም ባንክ ይቀመጣል። ስለዚህ የሱ ደም ለወንድሜ ይድረስ ለሌላ፣ እሱም እኔም አናውቅም። ነግሬው ነበር። «ለማንም ይሁን፣ ሰው ነው» አለና እጅጌውን መለሰ። ምሳ ልጋብዝህ ስለው ሥራ ረፍዶብኛል ብሎ ታክሲ ውስጥ ገባ። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም።

እማማ ከኛ ቀድመው ወጡ። ባላቸው ተሽሏቸው፣ በእግራቸው ነው የሄዱት። የተረፋቸውን በሶ ለወንድሜ ትተውለት ሄዱ።

ሰው ለመጠየቅ ሆስፒታል ስትሄዱ እባካችሁ የጎኑን አልጋ አስታማሚ «በላህ ወይ? ተኛህ ወይ?» በሉት። ከክፍለ ሀገር የመጣ ከሆነ ደግሞ ፋርማሲው ድረስ አብራችሁት ሂዱ።