ሐረጎ ላይ መሪ ሲደርቅ

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግን መኪናው ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሐረጎ ላይ አንዱን ጥምዝ ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል። ዕድሜ የገፋ የቤት መኪና መሪው ድንገት ከደረቀ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ስለዚህ ከጥገናው በፊት ስለ መጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች እንነጋገር።

ፓወር ስቲሪንግ ጠፋ ማለት መሪው ከጎማው ተለያየ ማለት አይደለም። ሁለቱን የሚያያይዘው ብረት እንዳለ ነው፤ የጠፋው አጋዥ ጉልበት ብቻ ነው። መኪናው ይታዘዛል፣ ክንድ ግን ይፈልጋል። ጎማው በፍጥነት ሲንከባለል ክብደቱ ብዙም አይሰማም፤ የሚብሰው ፍጥነት ሲቀንስና ጥምዙ ሲጠብ ነው። እንዲያውም ፓወሩ የሞተ መሪ መጀመሪያውኑ ያለ ፓወር ከተሠራ መሪ የበለጠ ይከብዳል፤ አሠራሩ በእገዛ ታስቦ የተለካ ነውና፣ የዘይት ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ዙር የቆመውን ዘይት በክንድ መግፋት ነው። ሁለት እጃችሁን በመሪው ግራና ቀኝ አድርጉ፤ ነዳጅ ልቀቁ፤ ማርሽ ቀንሱ፤ ለጥምዙ ከወትሮው ቀደም ብላችሁ መጠምዘዝ ጀምሩ።

ቁልፉን ግን እንዳትነኩ። በድንጋጤ ሞተር የሚያጠፋ ሰው አንዱን ችግር ሦስት ያደርገዋል። ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ይቆለፋል። ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም አይተካም፤ አንድ ሁለቴ ከረገጣችሁት በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ማርሹም መኪናውን የሚይዘው ፎሌ (ማርሽ አልባ) እስካላደረጋችሁት ድረስ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ ሐረጎን መውረድ ይህንኑ አደጋ በገዛ እጅ መጥራት ነው፤ ማንም ቢመክራችሁ አትስሙት።

ዳር ይዛችሁ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጋችሁ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ካስቀመጣችሁ በኋላ ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት ዳሽቦርዱን እዩ። ቀይ የባትሪ ምልክት በርቶ መሪው ከከበደ ቺንጋው ተበጥሷል ወይም ወልቋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። በብዙ መኪኖች አንድ ረጅም ቺንጋ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑንና የመሪ ፓምፑን አብሮ ያዞራል። ያ ሲበጠስ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ መዞር ያቆማል፤ «ኮምቦልቻ እስክደርስ» ብሎ መንዳት በሙቀት ቴስታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ማጣመም ነው። በድሮዎቹ ኮሮላዎች የመሪ ፓምፑ ብዙ ጊዜ የራሱ ቺንጋ አለው፤ እሱ ብቻ ከተበጠሰ ሙቀቱን እያዩ ቀስ ብሎ መሄድ ይቻላል። ቢጫ የመሪ ምልክት ወይም «ኢፒኤስ» የሚል ጽሑፍ ከበራ መሪው የኤሌክትሪክ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ምንም ሳይበራ ከከበደ ዘይቱን ጠርጥሩ።

የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያው ትንሽ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለው መስመር ወይም ክዳኑ ላይ ያለው የመለኪያ ዘንግ ለቀዝቃዛና ለሞቀ ዘይት የተለያየ ምልክት አለው። ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ዘይት ሞልቶ መሄድ ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ መጀመሪያ የሄደበትን ፈልጉ። ከፓምፑ ወደ መሪ ሳጥኑ የሚሄደው ቱቦ መሪ ሲጠመዘዝ ከ60 እስከ 80 ባር የሚደርስ ግፊት ይሸከማል፤ የመኪና ጎማ ንፋስ 2 ባር ገደማ እንደሆነ አስቡት። ያረጀ ቱቦ የሚሰነጠቀው ላስቲኩ ከብረቱ ጋር የተጨመቀበት አንገት ላይ ነው። መጀመሪያ ላብ ይመስላል፣ ከዚያ አቧራ የያዘ ቅባት፣ ከዚያ በአንድ ከባድ ጥምዝ ይፈነዳል። የሚረጨው ዘይት የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ጭስ ካያችሁ መኪናውን አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉና ሰው ይውረድ።

ዘይት የጠጣ ፓምፕ ብቻ ነው የሚኖረው። ፓምፑን የሚያለሰልሰው የሚገፋው ዘይት ራሱ ስለሆነ ባዶውን ሲሽከረከር በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይበላል። ለብቻው ቺንጋ ያለው ከሆነ ቺንጋውን አውልቆ መንዳት ይሻላል፤ በአንድ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ማስጎተት ነው። የማስጎተቻውን ብር አተርፋለሁ ብሎ ፓምፕ መግደል ሒሳብ አይደለም።

ስለ ዘይቱ ዓይነት ሳልናገር ባልፍ አይሆንልኝም፤ ብዙ መሪ የሚበላሸው በተሳሳተ ዘይት ነውና። ለአብዛኞቹ የዘይት መሪ ላላቸው ቶዮታዎች ቀዩ ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት)፣ ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለው ነው። ሆንዳ የራሱን ይፈልጋል። የብዙዎቹ ክዳናቸው ላይ ስለሚጻፍ ክዳኑን አንብቡ። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ እንዳይገባ፤ የመሪውን ሲሎች (ዘይት እንዳይፈስ የሚዘጉትን ላስቲኮች) ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል፣ ከዚያ ፓምፑም ሳጥኑም በየአቅጣጫው ማፍሰስ ይጀምራል። አንዴ ከገባ ማጠብ ብቻ ላያድን ይችላል።

ዘይቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጣታችሁን ነክራችሁ ነጭ ሶፍት ላይ አንድ ጠብታ አሳርፉ። እየሰፋ ሲሄድ ዳር ዳሩ ቀይ ሆኖ ከቀረ ጥሩ ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ አርጅቷል። መሐሉ ላይ ወደ ፀሐይ ስትይዙት የብር ብናኝ የመሰለ የሚያብለጨልጭ ነገር ከቀረ ፓምፑ ውስጥ ብረት ብረትን እየላገ ነው። አረፋ ሆኖ የወተት ቡና ከመሰለ አየር ገብቶበታል።

ያረጀውን ለመቀየር ጋራዥ መሄድ የግድ አይደለም። ከፋርማሲ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና አጭር ላስቲክ ግዙ። ሞተር ጠፍቶ ማጠራቀሚያውን መጥጣችሁ አውጡ፣ በአዲስ ሙሉ፣ ሁለት ሦስት ቀን ንዱና ድገሙ። መላ ሥርዓቱ የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ሆኖ ማጠራቀሚያው የዚያን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሚይዝ አንዴ መቀየር አሮጌውን አያወጣም። አራት ጊዜ ያህል ስትደግሙ ቀለሙ ይጠራል፤ ሁለት ሊትር ይበቃል። ማጠራቀሚያው ሥር ያለችውን ወንፊት ግን አትርሱ። በአተላ ስትደፈን ፓምፑ ይጠማል፣ ይጮኻል፤ አዲስ ፓምፕ የተገጠመላቸው መኪኖች በወራት ውስጥ ተመልሰው የሚያለቅሱት ብዙ ጊዜ ይህች ወንፊት ሳትጸዳ ስለቀረች ነው።

ቱቦ ወይም ፓምፕ ከተቀየረ አየሩ መውጣት አለበት። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሱና በድጋፍ ላይ አሳርፉ፤ ክሪክ ብቻ ድጋፍ አይደለም። ሞተር ሳይነሳ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ሌላ ሰው ዘይቱ ሲወርድ እየጨመረ ይጠብቅ። ከዚያ ሞተሩን አስነሡ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ እንደገና አዙሩ፤ መጨረሻው ላይ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ አትያዙት፤ እዚያ ላይ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ዘይቱም ፓምፑም ይግላሉ። ሲያልቅ ሞተሩን አጥፉና ዘይቱን እዩ። ሞተር ሲጠፋ ከፍታው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከጨመረ አሁንም አየር አለ።

አሁን ሰው ስለሚንቀው ምልክት። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የደሴ ማለዳ መሪው ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከብዶ ከዚያ ከለሰለሰ «ብርዱ ነው» ይባላል። ብርዱ ዘይቱን ማወፈሩ እውነት ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከብዶ ቶሎ ከለቀቀ ያ ነው። ወደ አንድ ወገን ብቻ ከከበደ ወይም በየወሩ የሚቆይበት ጊዜ ከረዘመ ግን የመሪ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሲሎች ደርቀው ዘይቱን ወዲያና ወዲህ ያሳልፋሉ። ይህ ከውጭ ጠብታ አያሳይም፤ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መሪው ሲከብድ ሰው ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው። መሪ ሲጠመዘዝ የሚያቃስት ድምፅ ፓምፕ ወይም አየር፣ የሚጮኽ ስል ድምፅ ደግሞ የላላ ቺንጋ ነው። ቺንጋውን በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑት፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት፣ ብዙ ከገባ ላልቷል። ውስጡ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ከተሰነጣጠቀ ማጥበቅ ሳይሆን መቀየር ነው። ከላቫጆ እንደወጣ የሚጮኽ ቺንጋም ያው ነው፤ ውሃው ሲደርቅ ድምፁ ቢጠፋም የላላው አይጠብቅም።

ፓወሩን ከመክሰሳችሁ በፊት የጎማ ንፋሱን ለኩ። በሹፌሩ በር ጉበን ላይ ከተለጠፈው ቁጥር በጣም የወረደ የፊት ጎማ ጤነኛ መሪን ያከብዳል።

የፈነዳውን የግፊት ቱቦ በተራ የውሃ ቱቦና በፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ማሠር ሐረጎ ላይ እንደገና ለመፈንዳት ነው። የከባድ መኪናና የማሽን ሃይድሮሊክ ቱቦ በማሽን የሚጨምቅ ባለሙያ ዘንድ አሮጌውን ወስዶ በልኩ ማሠራት ይቻላል፤ ከኦርጂናሉ ይረክሳል፣ ጥሩ ከተሠራም አያንስም። የመመለሻው ቱቦ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ዘይት የሚችል ጎማና አዲስ ፋሼታ ይበቃዋል። ያገለገለ ፓምፕ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ስታስመጡ የሞተሩን ዓይነት ንገሩ፤ ሲደርስ ፑሊውን በእጅ አዙሩት። ሻካራ ስሜት ካለው ወይም ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል፣ መልሱት።

የመሪ ሳጥን ሲል ከማስቀየራችሁ በፊት በሁለቱ ዳር ያሉትን የላስቲክ ሽፋኖች ጨምቁ፤ ውስጣቸው ዘይት ከተንቦጫረቀ ሲሉ ሄዷል። ሽፋኑ ተቀዶ ከቆየ ውሃና አቧራ ገብቶ ዘንጉን ዝገት ይበላዋል። ሲፈታ ጥፍራችሁን በዘንጉ ላይ አሂዱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲሱን ሲል በሳምንታት ይቆርጠዋልና በሲል ገንዘብ አታባክኑ፣ ሳጥኑን ቀይሩ። «ፍሳሽ ማቆሚያ» የሚባለው ፈሳሽ የደረቀ ሲልን ለጥቂት ጊዜ ሊያለሰልስ ይችላል፤ ለተቧጨረ ብረትና ለተሰነጠቀ ቱቦ ምንም አይሠራም።

የኤሌክትሪኩ መሪ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የተሠሩት ቪትዞችና ብዙዎቹ የኋላ ኮሮላዎች ያላቸው፣ ዘይት የለውም። ቆሞ ሲጠመዘዝ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ስለሚስብ ባትሪው ሲደክም ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ሞተር ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ጫፎቹ ላይ ያበበውን ነጭ አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጽዱ፤ የግራውንድ ሽቦውም ሞተሩና ቦዲው ላይ የታሠረበትን ቦታ ፈታችሁ ፋቁት። ይህ ብቻ ብዙ «የሞተ» መሪ ያስነሣል። ጠባብ ቦታ ላይ ቆሞ ደጋግሞ ሲጠመዘዝ የመሪው ሞተር ስለሚግል ራሱን ለማዳን እገዛውን ይቀንሳል፤ አሥር ደቂቃ አሳርፉት፣ ይመለሳል።

ካልተመለሰ ኮምፒውተር ይነበብ። ቶዮታ ላይ ከሲ1511 እስከ ሲ1514 ያሉት ቁጥሮች የጉልበት መለኪያ ሴንሰሩን፣ ሲ1551 እና ሲ1552 የኤሌክትሪክ አቅርቦቱን ያመለክታሉ፤ ሁለተኛዎቹ ከታዩ ኮለኑን (የመሪውን ዘንግ ከነሞተሩ) ሳይሆን ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ፊውዝና ሽቦ ፈልጉ። የባትሪ ገመድ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት ጉዳቱን መደበቅ ነው። ያገለገለ ኮለን ከተገጠመ ደግሞ ሴንሰሩ ዜሮ ነጥቡ በመሣሪያ መስተካከል አለበት፤ ሲ1515 የሚለው ቁጥር ይህ እንዳልተደረገ ይናገራል። ሳይስተካከል ከቀረ መሪው ወደ አንድ ወገን ሊቀል ወደ ሌላው ሊከብድ ስለሚችል፣ ኮለኑን ከመግዛታችሁ በፊት ያንን የሚሠራ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ አግኙ።