ውሃ አይሆንም!

ዛሬ ከሰዓት ጅማ ሂርማታ ሰፈር፣ ጎረቤታችን ቤት ሳምቡሳ እየተጠበሰ ዘይቱ ግሎ እሳት ያዘ። ትንሿ ልጇ ውሃ በጆግ ይዛ ስትሮጥ እናቷ «ተይ! ውሃ አይሆንም!» ብላ ጮኸችባት። ቡታጋዙን ዘጋች፣ የድስቱን ክዳን ከጎን ገፋ አድርጋ ደፋችበት። እሳቱ አየር ሲያጣ ጠፋ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ እርጋታዋ ገረመኝ።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ የሚነድ ዘይት ግን ከ300 በላይ ነው። ውሃው ከዘይቱ ስር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ የሚነደውን ዘይት ጣሪያ ድረስ ይረጨዋል። ድስቱን ይዞ ወደ ውጭ መሮጥም ያው ነው። ክዳኑንም ቶሎ አትክፈቱት፤ ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ አየር ካገኘ እንደገና ይነዳል።

እሳቱ የእናትየዋን ጣት ትንሽ ለብልቦት ነበር። አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላዋ የቡና ዱቄት ይዘው መጡ። ጅማ ነውና ቡና ከየቤቱ አይጠፋም። ግን እባካችሁ፣ ቃጠሎ ላይ አይደረግም! የሚያስፈልገው የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ለ20 ደቂቃ። የቧንቧ ውሃ ስለጠፋ ከጀሪካን እየቀዳን አፈሰስንላት።

እስቲ አሁን ተነሱና እዩ፤ ከምድጃችሁ አጠገብ ለመጥበሻችሁ የሚበቃ ክዳን አለ?